ጎማ የሌላት መኪና ማንን ትገጫለች?

ሽማግሌው መኪናቸውን ሲሰጡኝ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አልተቀየምኩም፤ የሚያስቅ ነገር ነበረው። ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት በቤት ሠራተኝነት በኖርኩበት ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ የእንግሊዝ ሥሪት የሆነች ትንሽ አሮጌ መኪና ቆማ ነበር። ጎማዎቿ አፈር ውስጥ ሰጥመዋል። የኋላ ወንበሯ ላይ ድመት በየዓመቱ ትወልዳለች። ሽማግሌው ወጣት የመስኖ መሐንዲስ ሳሉ አገሩን የዞሩባት ናት። ካረጁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ገብተው መሪዋን ይዘው ይቀመጡባታል። እኔ ሻይ በወተት አመጣላቸዋለሁ፤ እሳቸው የትኛውን ወንዝ በየትኛው ክረምት እንደተሻገሩ ይነግሩኛል።

ሊሞቱ ዓመት ሲቀራቸው ጠበቃና ሁለት ጎረቤቶች ጠርተው መኪናዋን በሕግ በስሜ አዛወሩልኝ።

«ያ ቢቲ፣ ልጆቼ ለቁራሌው ነው የሚሸጧት» አሉኝ፤ ያ ቢቲ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «አንቺ ግን በሯ እንዴት እንደሚከፈት ታውቂያለሽ።»

በሩ ብድግ አድርገው ካልሳቡት አይከፈትም ነበር። ያን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

ከተቀበሩ በኋላ ከባሕር ማዶ የመጣው ወንድ ልጃቸው «ቆርቆሮ ወረሰች» እያለ ለእንግዶች ተረተብኝ። ሐኪም የሆነችው እህቱ ግን «አባቴ የወደደውን ነው ያደረገው» ብላ አፉን አስያዘችው። ቤቱ ሲሸጥ እኔ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይቼ ለሰው ቤት በተመላላሽነት መሥራት ጀመርኩ፤ መኪናዋም በጭነት መኪና ተከተለችኝ።

ከቤቴ ጥቂት አለፍ ብሎ የእኛው አገር ሰው ወረሻ፣ ጋራዥ ማለት ነው፣ አለው። ወረሻ ይባል እንጂ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ሰውየው የመኪና አካል አቃኚ፣ ባትላሜራ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኡስታ»፣ ማለትም ባለሙያው፣ ይለዋል። እናትና አባቱ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚያው ካርቱም ተወልዶ ያደገ በመሆኑ ዐረብኛው እንደ ውኃ ሲፈስ አማርኛው ይደናቀፋል። ሴቱንና ወንዱን ይቀላቅላል፤ ሲናደድ እኔንም «አንተ» ይለኛል። መኪናዋን ባየ ጊዜ ዙሪያዋን ሁለቴ ዞሮ፣ ወለሏን በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ይሄ ዐረቢያ ይድናል እትዬ» አለኝ፤ ዐረቢያ የሚለው መኪናዋን ነው። እኔም የቆጠብኩትን ይዤ ገባሁበት። አሁን እንደማስበው ሕይወቴን ሙሉ ለራሴ ብዬ የጀመርኩት የመጀመሪያው ነገር ያ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ መኪናዋ መኪና አትመስልም ነበር። የዛገው ወለሏ ተቆርጦ ወጥቷል። ሞተሯ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ቶርኖ ቤት ነው። መስታወቶቿ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው አልጋዬ ሥር፣ በሮቿ የክፍሌን ግድግዳ ተደግፈው፣ የፊት መብራት ፋኖሶቿ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ናቸው። ወረሻው ውስጥ የቀረው ባዶ አካሏ ብቻ ነው፤ አራት ጉማጅ እንጨት ላይ ተቀምጦ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከኡስታ አጥር ማዶ ያለው ወረሻ ተቃጠለ። የብየዳ ፍንጣሪ ቤንዚን የነበረበት ጀሪካን ላይ አርፎ ሁለት ራክሻ የሚሏቸው ባጃጆችና አንድ ታክሲ ዶግ አመድ ሆኑ። እኔ ስደርስ ባለታክሲው መሬት ላይ ተቀምጦ መሪውን ያያል፤ የተረፈው ክቡ ሽቦ ብቻ ነበር። «ተእሚን አልነበረህም ወይ?» አሉት ሰዎች። ኢንሹራንስ ነበረው፤ ግን የገዛው ሌላውን ሰው ቢጎዳ የሚከፍለውን ብቻ ነው። ለራሱ መኪና ምንም።

ኡስታ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኔ መጣ። «እትዬ፣ ለዐረቢያህ ተእሚን ግባለት» አለኝ። «እኔ ሰው ነኝ፤ እሳት ደግሞ እሳት ነው።»

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ኢንሹራንስ ፍለጋ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቢሮ ብርድ ብርድ የሚል አየር የሚነፋበት ሰፊ አዳራሽ ነበር። ክራባት ያሰረ ወጣት ተቀበለኝ።

«የማን መኪና ናት?»

«የእኔ።»

«እሺ፣ የማዳምሽ ስም ማነው?»

«ማዳም አላልኩም። መኪናዋ የእኔ ናት።»

ወረቀቴን አየ፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቴን አየ። ብርሃን ላይ ዘርግቶ ማኅተሙን ሳይቀር መረመረ። ከዚያ ሞተሯ የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በሮቿ? ነገርኩት። ጎማዎቿስ? «ለጊዜው የላትም» ስለው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ከጎኑ ያሉትን ሁለት ሰዎች ጠራ። «ንገሪያቸው እስቲ፣ በሮቹ የት ናቸው ያልሽው?» እኔም እንደ ሞኝ ደገምኩላቸው። ሦስቱ ተያይዘው ሳቁ።

ስቀው ሲጨርሱ ወጣቱ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ላንቺ የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ የሦስተኛ ወገን» አለኝ። «መኪናሽ ሰው ብትገጭ እኛ እንከፍላለን።»

«ጎማ የሌላት መኪና ማንን ትገጫለች?»

«ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«ብትቃጠልስ?»

«ብትቃጠል ያንቺ ጉዳይ ነው።»

መሳቁን ይቅር ልለው እችል ነበር፤ ሰው ይስቃል። ደሜን ያፈላው ፎርሙን አውጥቶ መሙላት መጀመሩ ነው። የማይረባኝን ነገር፣ እንደማይረባኝ እያወቀ፣ ገና ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ሊሸጥልኝ! ወረቀቴን ከእጁ መንጭቄ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቢሮ ተቃራኒው ነበር። ጢሙን ያሳመረ፣ ሙስባሓውን፣ መቁጠሪያውን፣ የሚቆጥር ረጋ ያለ ሰው «ተፈደሊ» ብሎ አስቀመጠኝ፤ ውኃ አስመጣልኝ፤ አንድም ጊዜ አልሳቀም። ያልኩትን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማና «ላንቺ የሚያስፈልግሽ ሻሚል ነው» አለኝ። ሁሉን የሚያካትት ማለት ነው።

«እሳትም?»

«እሳትም።»

«ሌባም? ጎርፍም?»

«ያ ኡኽቲ፣ ሻሚል ማለት ሻሚል ነው። ኢንሻላህ አታስቢ።»

ዐረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም። እዚያው ፈርሚ ቢለኝ በሰውየው ጨዋነት እፈርም ነበር፤ ሐቁን ልናገር። ግን ከሽማግሌው ጋር ስኖር ሳያነቡ እንደማይፈረም ተምሬ ነበርና «ወስጄ ላስነብበው» አልኩት። ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ፤ ሰጠኝ።

ኡስታ ጉማጅ እንጨት ላይ ተቀምጦ፣ ዘይት እንዳይነካው ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ይዞ አነበበልኝ።

«ቢቃጠል፣ በቃጠሎው ቀን በሱቅ፣ በገበያ፣ የሚያወጣውን ዋጋ እንከፍላለን ይላል።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«እንዴት ጥሩ ነው? የተፈታ ዐረቢያ ሱቅ ላይ ምን ያወጣል? ብረት ነው። በኪሎ ነው።» ቀጠለ። «ከዐረቢያው የተለየ ዕቃ አይገባም ይላል። ሞተር የለም። በር የለም። መስታወት የለም።» ገለበጠ። «ዐረቢያው ለመንዳት የሚሆን መሆን አለበት ይላል።»

«ታዲያ ምኗ ነው የሚካተተው?»

ኡስታ ወረቀቱን እንደገና ገልብጦ ጀርባውን አየ። «ቀለሙ» አለ። «እሱንም ገና አልቀባነውም።»

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ክራባት ያሰረው ልጅ ቢያንስ አልዋሸኝም። ይኼኛው ውኃ አጠጥቶ፣ «እህቴ» ብሎ፣ የፈጣሪን ስም ጠርቶ ባዶ ወረቀት ሊሸጥልኝ ነበር። ተመልሼ ሄድኩ። ውሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በጣቴ መስመሮቹን አሳየሁት፤ ኡስታ ቦታ ቦታውን በእርሳስ አስምሮልኝ ስለነበር ማንበብ አላስፈለገኝም።

«ሻሚል ማለት ይኼ ነው?»

«ያ ኡኽቲ፣ ይኼ የባለሙያ ነገር ነው። አንቺ አይገባሽም።»

«ገብቶኝ ነው የመጣሁት» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞሩ። አንዲት አሮጊት የራሷን ወረቀት አውጥታ አጠገቧ ላለው ሰው «አንብብልኝ እስቲ» ስትለው ሰማሁ። ያን ጊዜ ሙስባሓው ቆመ።

ሦስተኛውን ያገኘሁት በቶርኖ ቤቱ ሰውዬ ጥቆማ ነው። ባሕሪ፣ ገበያው አፍ ላይ፣ አንድ ማራገቢያ ያላት ጠባብ ቢሮ፤ የአንድ ኩባንያ ቅርንጫፍ። ቶብ የሚሉትን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ የለበሰች ጎልማሳ ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። መኪናዬ ተፈታታ የተበታተነች መሆኗን ስነግራት አልደነቃትም። ጥያቄ ጀመረች። ግቢው አጥር አለው? ማን ይጠብቀዋል? ብየዳው ከመኪናዋ ስንት እርምጃ ይርቃል? ነዳጅ የት ታስቀምጣላችሁ? የተፈቱት ዕቃዎች በዝርዝር ተጽፈዋል?

ለአንዷም ጥያቄ በቅጡ አልመለስኩላትም። ግን ያን ያህል ቢሮ ስዞር ለመኪናዬ ደኅንነት ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ነበረች። ሌሎቹ የጠየቁኝ ሊስቁ ወይ ሊሸጡልኝ ነው።

«ለእንዲህ ዓይነቷ የገበያ ዋጋ አይሆንሽም» አለችኝ። «ዋጋዋን አሁን ተነጋግረን፣ ተስማምተን ውሉ ላይ እንጽፈዋለን። ሥራው በገፋ ቁጥር እናሳድገዋለን። የተፈቱት ዕቃዎች ደግሞ ከነቦታቸው ይመዘገባሉ።»

በሁለተኛው ቀን ራሷ ወረሻው መጣች። የቶቧን ጫፍ ሰብስባ ብረቱን እየተራመደች ብየዳው ያለበትን ርቀት በእግሯ ለካች። ጀሪካኑን ከግቢ አስወጣች። በርሜል አሸዋ አስቀመጠች። ኡስታ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አመሻሹ ላይ ግን እሱው ራሱ ዕቃውን እየጠራ እሷ ስትጽፍ አገኘኋቸው። እያንዳንዱን ፎቶ አነሳች፤ እቤቴ ገብታ አልጋዬን ሳይቀር አነሳሳን። ውሉንም ከላይ እስከ ታች፣ የሚካተተውንም የማይካተተውንም፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ።

አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ በሳምንቱ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«ዋናው ቢሮ መለሰው። ዳሚን አምጪ ይላሉ። ሱዳናዊ ዋስ።»

«ለምኑ?»

«ለአንቺ።»

 ገንዘባቸውን አልተበደርኩ፣ ቤታቸውን አልተከራየሁ፤ ከፋይዋ እኔ ነኝ። ለመጥፋት ከሆነ የሚጠፉብኝ እነሱ ናቸው እንጂ እኔ ወዴት እሄዳለሁ? ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩበት ከተማ ነው። የሰው ልጅ አሳድጌ፣ የሰው አባት ጧሪ ሆኜ፣ ዓይኑን በእጄ ከድኜ፣ ዛሬ ለራሴ ቆርቆሮ ሰው ቆሞ «አውቃታለሁ» ሊልልኝ ነው! 

ለሽማግሌው ልጅ፣ ለሐኪሟ፣ ደውዬ ነገርኳት። «ዋስ ከመሆን ይልቅ መኪናዋን በእኔ ስም እናድርጋትና ይለቅ» አለችኝ። ከልቧ ነው፤ ምንም ተንኮል የለባትም። ኡስታም «ያላ፣ ተቀበል! ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ጮኸብኝ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ቀላሉ መንገድ እሱ ነበር። ግን ሽማግሌው እየተንቀጠቀጡ፣ ጠበቃ ፊት፣ ሦስት ጊዜ ብዕር ቀይረው በስሜ ያደረጉትን እኔ በገዛ እጄ ከስሜ ላውጣው? ሐኪሟን አምናታለሁ፤ ወንድሟን አላምነውም። ለሐኪሟም ይህንኑ በቀጥታ ነገርኳት። «ልክ ነሽ» አለችኝ።

ወደ ዋናው ቢሮ ሄድኩ። የቅርንጫፏ ሴት ልትሸኘኝ መጣች፤ ለሥራዋ እንደማይበጃት እያወቀች። ሙዲሩ፣ ማለት ሥራ አስኪያጁ፣ እኔን ሳያይ እሷን ጠየቃት።

«ሐበሺያዋ ምን ትፈልጋለች?»

«ሐበሺያዋ ዐረብኛ ትናገራለች» አልኩት።

ያን ጊዜ አየኝ። «ዋስ አምጪ ተብለሻል። ደንብ ነው።»

«የተጻፈበትን ያሳዩኝና እሄዳለሁ።»

«ደንብ ነው አልኩሽ።»

«ሰማሁ። የት ነው የተጻፈው?»

መሳቢያ ከፈተ፤ ዘጋ። ጸሐፊውን ጠርቶ ወፍራም ክላሴር አስመጣ። ገለጠ፤ ወደ ኋላ መለሰ፤ እንደገና ገለጠ። ግንባሩ ላብ አወጣ። የቅርንጫፏ ሴት በጨዋነት «ይፈቀድልኝ» ብላ ተቀበለችውና ገጹን ወዲያው አገኘችው። አነበበች፤ ባለንብረቱ የውጭ ዜጋ ከሆነ የጸና ኢቃማ ያቀርባል። ነጥብ። ስለ ዋስ አንድም ቃል የለም።

«እስከ ዛሬ እንዲህ ነው ስንሠራ የኖርነው» አለ ሙዲሩ።

«እስከ ዛሬ ስንት ሰው መልሳችኋል?» አልኩት።

እስክሪብቶውን አነሳ። ፈረመ። ኢቃማዬን በእጁ እንኳን አልሰጠኝም፤ በእስክሪብቶው ጫፍ ገፍቶ ጠረጴዛው ዳር አደረሰልኝ። ወረቀቴን ይዤ ስወጣ የደስታ ስሜት ይሰማኛል ብዬ ነበር። የመጣው ግን ንዴት ነበር። ያልተጻፈ ደንብ! እኔ ስለጠየቅሁ ነው። ያልጠየቁትስ? እሺ ብለው አንገታቸውን ደፍተው የወጡት ምን ያህል ይሆኑ? ያቺን ሴት ደግሞ በወሩ ከደንበኛ ፊት አንስተው የመዝገብ ክፍል አስገቧት።

ውሉ የተፈተነው በዚያው ክረምት ነው። መኪናዋን ወደ ቀለም ቀቢው ስናጓጉዝ የጭነት መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ማሰሪያው ተበጠሰና የግራ መከላከያዋ ተጨረመተ። የመጣው መርማሪ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አየና «የድሮ ጉዳት ነው» አለ። እኔም ያቺ ሴት ያነሳችውን ፎቶ ዘረጋሁለት፤ ያው መከላከያ፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰ። ሳምንታት ቢያንዛዙኝም ከፈሉ። ኡስታም በአራት ቀን አቃናው፤ ቀጥቅጦ ሲጨርስ በመዳፌ እንድዳስሰው ጠራኝ። ጉዳቱ የት ጋ እንደነበረ በእጄ ፈልጌ አጣሁት።

በኅዳር ወር መኪናዋ በራሷ ሞተር ወጣች። ቀለሟ እንደ ድሮው የእርግብ ላባ። እኔና ኡስታ ድልድዩን ተሻግረን አል-ማንሺያ ድረስ ነዳናት፤ የድሮው ቤት ደጃፍ ላይ የጠበቀችን ሐኪሟ ልትገባ ስትል የመኪናዋን በር ይዛ ስታለቅስ ቆየች። ከዚያ በኋላ ኡስታ መንዳት አስተምሮኝ፣ የከተማው የዕረፍት ቀን በሆነው አርብ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አሮጊቶችን ጭኜ አመላልስባት ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኔ በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወጣሁ፤ ነዳጅ አልነበረምና መኪናዋ ኡስታ ግቢ ቀረች። ጦርነት በውሉ እንደማይካተት ያቺ ሴት አንብባልኝ ነበር፤ ስለዚህ በዚህ የምከሰው ኩባንያ የለኝም። ያዘንኩት ሌላ ነው።

ተኩሱ ጋብ ካለ በኋላ ኡስታ ሐጅ ዩሱፍ ተመልሶ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ አካሉ አለ። ሞተሩን ወስደዋል። ባትሪ፣ ጎማ፣ ወስደዋል።»

«ፋኖሶቹስ?»

«ፋኖስም።» ብሎ ቀጠለ። «ወንበሩን ደግሞ ወስደው መንገድ ላይ አስቀምጠውታል። ፍተሻ የሚያደርጉት ታጣቂዎች ላዩ ላይ ይቀመጡ ነበር አሉ።»

እንግዲህ ሞተር የሰረቀ ሌባ ነው፤ ይገባኛል፤ ይሸጠዋል። ወንበር አውጥቶ መንገድ ላይ ተደላድሎ ቁጭ ብሎ የሰውን መታወቂያ የሚፈትሽ ግን ምን ይባላል? ስልኩ ላይ ጮህኩ። ኡስታ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አካሉን ምን ላድርገው?» አለኝ።

«ሸራ አልብሰው» አልኩት። «ለማንም እንዳትሰጥ።»